የሱቁ ካሜራ ስም

ሰኞ

ዛሬም ሱቁ ጠፋ። ሱቁማ የት ይሄዳል፣ ካሜራው ነው እንጂ! አባዬ ታብሌቱን ከፍቶ የጻፍኩለትን የካሜራውን ቁጥር ቢነካካ፣ ቢነካካ፣ ነጭ ገጽ ብቻ። ለባቡሩ መቆፈር ከተጀመረ ወዲህ መብራት በቀን ስንቴ እንደሚሄድ እንጃ። በመጣ ቁጥር ራውተሩ፣ ያ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ለካሜራው ሌላ ቁጥር ያድለዋል። እኔ ደግሞ ደንበኛ ትቼ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ አባዬ ወደተኛበት ክፍል እሮጣለሁ።

ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ጀምሮ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ብርድ ልብስ በጅምላ እንሸጣለን። ቁልፉን ጠዋት ይሰጠኛል፣ ማታ ይቀበለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ሱቅ ዓይኑን ያልነቀለ ሰው ጣሪያ እያየ እንዴት ይዋል? ካሜራውን የገዛሁት ለዚህ ነበር።

ዛሬ ግን ተቆጣ። «ሐያት፣ እኔ የማላየው ሱቅ አይነገድም። ጁምዓ ከስግደት በኋላ ከማል ይመጣሉ። እስከዚያ ካልተስተካከለ ቁልፉን ለሳቸው ነው የማስረክበው።»

ጋሽ ከማል የአባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን እሳቸው ሱቁን ከያዙ እኔ ተመልሼ ጓዳ ነኝ። አልገባም! ወላሂ አልገባም።

ማክሰኞ

ሙባረክ ጋ ሄድኩ። የክፍሌ ልጅ ነበር፣ አሁን ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል። ችግሬን ስነግረው ሳቀብኝ። «ሰውን በስልክ ቁጥሩ ነው እንዴ የምትጠሪው? ለዕቃዎችሽ ስም ስጪያቸው እንጂ!»

ለካ ራውተር ስም መያዝ ይችላል። ለዕቃው ስም ትሰጪዋለሽ፤ ከዚያ ቁጥሩ መቶ ጊዜ ቢቀየር ራውተሩ በስሙ ፈልጎ ያመጣልሻል። የኛ አሮጌ ግን ይህን አያውቅም። አሮጌውን ሰጥቼ፣ ብር ጨምሬ፣ ሌላ ወሰድኩ። ተከራክሬ አስቀነስኩት። የነጋዴው የሸምሱ ልጅ መሆኔን ረስቶ ነበር መሰለኝ።

ረቡዕ

ገበያ ሳይሞቅ ራውተሩን ተከልኩ። ስም የሚያስፈልጋቸው፦ የሱቁ ካሜራ፣ ደረሰኝ የምናትምበት ፕሪንተር፣ ሒሳብ የምንይዝበት ኮምፒውተር። «ምን ልበላቸው?» ብዬ ብጠይቀው አባዬ ጥያቄው ራሱ ገረመው። «ምን ትያለሽ? ምልክታችን አለ አይደል?»

ምልክታችን ኤስኤች ነው፣ የሸምሱ መነሻ በፈረንጅ ፊደል። ወደ ሱቃችን የሚመጣ የብርድ ልብስ እስር ሁሉ በቀይ ቀለም ይጻፍበታል። መርካቶ ምልክት የሌለው ዕቃ የማንም ነው። ለኔም ተመቸኝ፤ አባዬ አንድ ቃል ብቻ ይይዛል። ሦስቱንም ኤስኤች አልኳቸው።

ጻፈ። ሱቁ ወለል ብሎ መጣ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ታብሌቱን አስጠጋ። «ወንበሬ ባዶ ነው» አለ።

ባዶ ነው። እሱ ከወደቀ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። እኔም ቆሜ ነው የምሸጠው።

ሐሙስ

ጉድ ፈላ። መብራት ሄዶ መጣ። አባዬ ኤስኤች ብሎ ሲጽፍ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የፕሪንተሩ ገጽ! ቀለም እያለቀ ነው ይላል።

«ይሄ ነው ሱቄ?» አለኝ። አልበቃው ብሎ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚል ተረት ጨመረበት። ራውተሩን አጥፍቼ ባበራው ጭራሽ ምንም ገጽ አልከፈትም አለ። ሙባረክ ጋ ደውዬ የተበላሸ ዕቃ ሸጥክልኝ ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ «ነገ መልሺው» አለኝ። ነገ እኮ ጁምዓ ነው! ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

ከሰዓት ዕቃ ገባ። አውራጆቹ እስሩን በር ላይ ሲደረድሩ አንዱ «ሐያት፣ የሕፃኑ ብርድ ልብስ የትኛው ነው?» አለኝ። ሁሉም ላይ ያው ኤስኤች ነው። «ከምልክቱ ሥር እይ እንጂ!» አልኩት። ሥሩ ላይ ሁሌም የዕቃው ዓይነት ይጻፋል። ምልክቱ የማን እንደሆነ ነው የሚናገረው፤ ምን እንደሆነ አይናገርም።

እዚያው ድርቅ አልኩ። እኔ ደንቆሮ! ሦስት ዕቃ በአንድ ስም ጠርቼ ራውተሩ የቱን ያምጣልኝ? ረቡዕ ካሜራው የመጣው በዕድል ነበር።

ሙባረክን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ሦስቱንም? አንድ ስም?» ብሎ ሳቁን አላቆም ሲል ስልኩን ዘጋሁበት።

ጁምዓ

ኤስኤች-ሱቅ። ኤስኤች-ደረሰኝ። ኤስኤች-ሒሳብ። አባዬ ረዘመብኝ ብሎ አጉረመረመ። የእስሩን ነገር ስነግረው ግን በራሱ ጣት ጻፈው። ሱቁ መጣ።

ጋሽ ከማል ከስግደት መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አሁን መብራት ይሂድና ይታይልኝ ብል፣ አልሄድ አለ። ሌላ ቀን አሥሬ የሚሄደው! በቃ፣ ወጥቼ ቆጣሪውን ራሴ አጠፋሁት።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ከማል።

መልሼ አበራሁ። ራውተሩ እስኪነቃ ጠበቅን። አባዬ በአንድ ጣቱ ጻፈ። ሱቁ መጣ። ድጋሚ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ድጋሚ መጣ። ሦስተኛ ልሄድ ስል ጋሽ ከማል ያዙኝ። «ሸምሱ፣ ራሷ አጥፍታ ራሷ ትፈተናለች። እኔን ለምን ጠራኸኝ?» ብለው ሳቁ።

አባዬ አልሳቀም። ቁልፉንም ለማንም አልሰጠም። ማታ እንደልማዱ ከእጄ ተቀብሎ ትራሱ ሥር ከተተው። ምን እያሰበ እንደሆነ አላህ ይወቀው።

ቅዳሜ

ጠዋት ቁልፉን ሰጠኝ። ገበያው ደርቶ ውሎ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። አባዬ ነው። ደነገጥኩ።

«ደግሞ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም። ሁለቴ መብራት ሄዶ መጣ፣ አልጠፋም።» አለ። «ሐያት፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል።»

«ደንበኛ በዝቶ ነው አባዬ።»

«አሁን ማንም የለም፣ ይታየኛል። ወንበሩ ለማን ነው የተቀመጠው? ተቀመጪበት እንጂ።»

ተቀመጥኩ። ዝቅ ይላል፣ አንዱ እግሩ ይወዛወዛል። ቀና ብዬ ካሜራውን ማየት አቃተኝ። አባዬ ስልኩን አልዘጋም።

«ማታ ቁልፉን አታምጪው» አለኝ። «አንቺው ጋ ይደር።»

«እሺ አባዬ» አልኩት።