ለታምቦቩ ጸሐፌ ተውኔት

ውድ ኮሊያ፣

በአማርኛ የምጽፍልህ ሩሲያኛው ጠፍቶብኝ አይደለም። በሩሲያኛ የነገርኩህን ቴአትር ስላደረግከው ነው። የሚያነብልህ ሰው ፈልግ።

ሩሲያ፣ ታምቦቭ ከተማ ተማሪዎች ሳለን አራት ዓመት በአንድ ክፍል ስንኖር፣ የጻፍከውን ሁሉ ቀድሜ የማነበው እኔ ነበርኩ። ሞስኮ ድረስ በባቡር የወሰድካቸው ተውኔቶች ሲመለሱብህ፣ "የክፍለ ሀገር አስተማሪ ሆኜ መቅረቴ ነው" ብለህ ስታለቅስ ያባበልኩህም እኔ ነኝ። እንዳልከውም አስተማሪ ሆነህ ቀረህ። ስም ያተረፍክበት ተውኔት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ታሪክ ነው።

ባለፈው ወር ልጄ ሄርሜላ ደወለችልኝ። "ዳዲ፣ ብሩክሄቨን ያለው ቴአትር ቤት የራሺያ ፕሌይ አለ። ደራሲው አንተ የተማርክበት ከተማ ነው የሚኖረው። ቲኬት ቡክ አድርጌያለሁ።"

ቲኬቱ ላይ ስምህን ሳይ ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ዳውንታውን አትላንታ ከምሠራበት ፓርኪንግ ቀደም ብዬ ወጥቼ ሱፌን ለበስኩ።

ሁለተኛው ገቢር ላይ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሰው ገባ። አንድ ጥቁር ተማሪ በሁለት ሰዎች ተይዞ ቆሟል። "ይህን ሰው ታውቀዋለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሌላው ተማሪ፣ የገዛ ወንድሙ፣ መሬት መሬት እያየ "አላውቀውም" አለ።

እዚያው ሩሲያ ይማር የነበረው ወንድሜ ደርግን ተቃውሞ ተናገረ ተብሎ ሲያዝ፣ ልክ እንደዚህ ነበር ያልኩት። የእናቴ ልጅ ነው፤ በአባት ስም ስለማንገናኝ አመኑኝ። እሱን በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት መለሱት። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። እኔ ተመረቅኩ። ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም፤ ለአንተ ብቻ ነበር የነገርኩህ።

ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ሄርሜላ አላጨበጨበችም። "አላውቀውም" ሲባል ከወንበሬ ብድግ ብዬ መልሼ ስቀመጥ አይታለች።

መኪና ውስጥ ገብተን፣ "ያ ሰውዬ አንተ ነህ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"አጎት እንዳለኝ ከስቴጅ ላይ ነው የምሰማው? ዳዲ፣ እኔን እኮ ነው የዋሸኸኝ!"

ቤቴ በር ላይ አውርዳኝ ሄደች። እስከ ዛሬ ስደውል አታነሳም።

ፈሪነቱ የራሴ ነው፤ በአንተ አላሳብብም። ግን አምኜ የነገርኩህን አደባባይ አወጣኸው፤ አንድ ቀን እንኳ "ልጻፈው ወይ?" አላልከኝም። ደግሞ በተውኔትህ ውስጥ የኤምባሲው ሾፌር እንኳ ስም አለው። ወንድሜን "ተማሪው" ብለህ አለፍከው።

ነጋ ይባላል። ጻፈው። ከእንግዲህ መድረክ ላይ ሲወጣ በስሙ ይጠራ።

የነጋ ወንድም፣
ገብረሕይወት
አትላንታ