ያልቀመስሁት የእማየ ጠላ

ይድረስ ለእህት ዓለም ለሀብትነሽ፣ ካለሽበት ቤይሩት።

እንዴት ከረምሽ እታለም፣ ጤናሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጭ ስትወርጅ ያመመሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እመቤትሽስ ጠባይዋ ረገበ ወይስ አሁንም ትጮኽብሻለች? እንቅልፍስ ትጠግቢያለሽ? እኛ ሚካኤል ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን፣ ደህና ነን ብየ ግን አልዋሽሽም፣ ደህና አይደለንም፣ ያውም በኔ ምክንያት ነው።

ይችን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ለሥራ ወደዚያው የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ ማርያማዊት ናት። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩ የእማየ ነው፣ ድምፁም እስከ ጓሮ ይሰማል። በጽሕፈቴ አትሳቂብኝ፣ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ ይዤ አላውቅም።

ነገሩ ከራሴ ነው የጀመረ። ፎሮፎር መስሎኝ ቅቤ ስቀባው ከረምሁ፣ ኋላ ክርኔ ላይ ወጣ፣ ጉልበቴ ላይ ወጣ፣ ቀይ ሆኖ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነጭ እየሆነ ይረግፋል፣ ሳክከው ይደማል። ቁምጥና ነው ብየ ለማንም ትንፍሽ አላልሁ፣ ለእማየም። ጅጋ ገበያ እወርዳለሁ ብየ ዋሽቼ፣ መኪና ያለ ቀን ጠብቄ፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ክርኔን ያለ ጓንት ዳሰስ አድርጋ ቁምጥና አይደለም፣ ሶርያሲስ ይባላል፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከሰው ጋር አብረሽ ብይ፣ አብረሽ ተኝ አለችኝ፣ እዚያው አለቀስሁ። ጨርሶ ይለቀኛል ወይ ብላት አይለቅም፣ ግን ይተኛል፣ አንች እንዳትቀሰቅሽው አለች። ቅባት ሰጠችኝ። ምግብ ብቻውን አያድንሽም፣ መጠጥ ግን ያባብሰዋል፣ አረቄም ጠጅም ጠላም ተይ፣ ጮማና ስኳር ቀንሽ፣ ጎመን ምስር ካሮት ያገኘሽውን ብይ፣ ውኃ ጠጭ፣ የሚቀሰቅስብሽም ምግብ ካለ ራስሽ እያየሽ ለይው፣ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም ብላ መከረችኝ።

አረቄውስ እሺ፣ ከአረቄ ምን አለኝ። ግን ጠላ መጠጥ ነው እንዴ እታለም? እኛ ቤት ጠላ'ኮ ውኃ ነው። ጠዋት እሱ፣ ከአጨዳ ስንመለስ እሱ፣ እንግዳ ሲመጣ እሱ። ልተወው ስል ነው ስንት እንደምጠጣ ያወቅሁ። እማየ ስትሰጠኝ እቀበልና ዞር ብየ ከጓሮ እደፋዋለሁ፣ አንድ ቀን አውራ ዶሮው አተላውን ለቅሞ ለቅሞ ሰክሮ ሲወላገድ እማየ ፈንግል ገባብን ብላ እሪ አለች፣ ሳቄንም እንባየንም ዋጥሁት። ተልባ እየበጠበጥሁ፣ ጎመን ያለ ቅቤ እየበላሁ ሰነበትሁ፣ ከስተሻል ብትለኝ ሆዴን ነው አልኋት። ግን ተኛልኝ እታለም፣ ክርኔ ለሰለሰ፣ ሌሊት ማከክ ተውሁ።

ጥቅምት ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የእማየ ነበር። ቤቱ ሞላ፣ አባ ሃይለ ሚካኤል ባረኩ፣ ጆጉን ይዤ የማሳልፍ እኔ ነበርሁ። ወጉን ታውቂዋለሽ፣ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ከመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው ለሰው የሚሰጥ። እኔ ሳልቀምስ ለማኅበርተኛችን ለአያ ይርሳው ቀዳሁላቸው። ቅመሽ እንጅ አንች ልጅ ቢሉኝ ሆዴን አሞኛል አልሁ። እሳቸው ቀልደኛ ናቸው፣ ምን ጨምራችሁበት ነው ታዲያ ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉትና ጭልጥ አድርገው ጠጡት። እማየም ስቃለች። አንዲት ጉንጭ ነበረች እኮ። ኋላ ሐኪሟን ብጠይቃት ለአንድ ጉንጭ ይህን ያህል መጨነቅ አልነበረብሽም አለችኝ። እኔ ግን ፈራሁ፣ ያ የተኛው ይነሳል ብየ ፈራሁ።

በዚያው ዕለት አመሻሽ አያ ይርሳው ሆዳቸው ተነፋ፣ አስመለሳቸው፣ በቃሬዛ ወሰዷቸው። ፍኖተ ሰላም ሆዳቸው ተከፈተ፣ አንጀታቸው ታጥፎ ነው ተባለ፣ ዳኑ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ያ ቀልድ አገሩን ዞረ። ሐኪሙ አንጀት ነው ቢል ሚስታቸው አንጀቱንስ ምን አጠፈው አሉ። ሴቶቹ ወንዝ ላይ ልጇ እንኳ ያልቀመሰችውን ለሰው አጠጣች ሲሉ በጆሮየ ሰማሁ፣ እንስራየን ሳልሞላ ተመለስሁ። እማየ እኮ ናት እታለም! በሀዘን በደስታ የሰው ጋን ስትጠምቅ የኖረች፣ መድኃኒት ታበላለች ተባለች።

ኅዳር ሲገባ ጤፉ ደረሰ። ወንድማችን ምስክር ደቦ ጠራ፣ እማየ ጠላውን ጠመቀች፣ ንፍሮውን ቀቀለች፣ ፀሐይ ወጣች፣ የመጣ ሰው የለም። ደመናው ደግሞ ይጠቁራል፣ ዝናብ ቢመታው የዓመት እህላችን እዚያው ይረግፋል። አንድ ጎረቤታችን በመንገድ ሲያልፉ ምስክር ጠራቸው፣ ወገቤን ቆረጠኝ አሉና ማጭዳቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ሌላ ሰው ደቦ ሄዱ። እኔና ምስክር ብቻችንን ስናጭድ ዋልን፣ እማየ ከማሳው ዳር ተቀምጣ ያልተጠጣውን ጠላ ታያለች። ያን ጊዜ አልቻልሁም፣ ሄጄ እግሯ ሥር ወደቅሁና እጅጌየን ገልጬ አሳየኋት፣ ሁሉንም ነገርኋት።

መጀመሪያ ያለችኝ ያመሻል ወይ ነው። ቀጥላ ለማን ነገርሽ አለች። ለማንም ብላት ዝም በይ፣ እኔ መድኃኒተኛ ብባል ዕድሜየ ሄዷል፣ አንች ቆማጣ ከተባልሽ ግን የምስክር እጮኝነት ይፈርሳል፣ አንችንም የሚያይሽ የለም አለችኝ። በአባየ አጥንት አማለችኝ። ማልሁላት።

ማልሁና አፈረስሁት። ኅዳር ጽዮን ቅዳሴ ሲወጣ እማየ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ለብቻዋ ቆማ አየኋት፣ እንዴት አደርሽ የሚላት እንኳ የለም። እግሬ ራሱ ወሰደኝ፣ ከሕዝቡ መካከል ገባሁ፣ ነጠላየን ከራሴ አወረድሁ፣ ክርኔን ገለጥሁ፣ ያልቀመስሁት በዚህ ነው፣ ሐኪም መጠጥ ከልክሎኝ ነው፣ የእናቴ ጠላ ምንም የለበትም ብየ ጮህሁ። ሰው ሁሉ ሸሸት አለ። አያ ይርሳው ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረብ አሉ፣ ክርኔን አዩት፣ ወደ እማየ ዞረው አፈኛው እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ ብለው ከጉልበቷ ሊወድቁ ሲሉ አባ ሃይለ ሚካኤል ያዟቸው። በነጋታው ማጭድ ያለው ሁሉ ከማሳችን መጣ፣ ጤፉ ሳይረግፍ ተከመረ፣ ጠላውም አለቀ። ከኔ እጅ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉም፣ እሱስ ይሁን።

እማየ ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። የአባትሽን አጥንት ረገጥሽ አለችኝና ዘጋች። አባ ሃይለ ሚካኤል ንስሐ ሰጥተውኛል፣ እየሰገድሁ ነው፣ ልቤ ግን አላረፈም። ጭንቀትም ይቀሰቅሰዋል ብላኝ ነበር ሐኪሟ፣ እውነቷን ነው፣ ይኸው ክርኔ እንደገና ቀልቷል።

ባለፈው እሁድ ደግሞ የምስክር እጮኛ ወገኖች ከፈረስ ቤት ከተማ ሽማግሌ ላኩ። ሠርጉ ለጥር ይሁን፣ ነገር ግን ያች ልጅ ከዳሱ አትግባ፣ ከምግቡም ከመጠጡም እጇን አታግባ አሉ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። እማየ ግን ልጄን የማያስገባ ዳስ አልጥልም፣ ልጃችሁን ለፈለጋችሁት ስጡ አለቻቸው። እህል ሳይቀምሱ ወጡ። ምስክር እማየ ልክ ናት ይላል፣ እኔን ሲያየኝም ይቀልዳል፣ ዳሱን ለላሞቹ እንጥልላቸው ይላል። ግን በሬ ሲያወጣ ያፏጭ አልነበር፣ ማፏጨቱን ትቷል። ልጅቱን ይወዳታል እታለም፣ እኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ የምለምንሽ ይኸን ነው። ለእማየ ደውይላትና እሺ ትበላቸው። አንችን ትሰማለች። ሠርጉ ሲደርስ እኔ ቡሬ አክስታችን ዘንድ እሄዳለሁ፣ አልቀየምም፣ በሚካኤል እልሻለሁ አልቀየምም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እኔን ሳታናግረኝ ለኔ ብላ የወንድሜን ትዳር ስትመልስ ግን የምገባበት ጠፋኝ። እማየን አወጣሁ ስል ምስክርን ጣልሁት፣ እሱ ሳያገባ ከቀረ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ቶሎ ደውይ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ደውይ፣ እነሱ ለሌላ ሳይሰጧት።

አንችም ራስሽንና ክርንሽን እይው፣ አንዳንዴ በዘር ይወርዳል ብላኛለች፣ ካለብሽ አትደብቂ፣ እንደኔ አትሁኝ።

ምስክር በጣም ሰላም ብሎሻል፣ ናፍቆትሽ ገደለኝ ይላል። አባ ሃይለ ሚካኤል በጸሎት ያስቡሻል። አያ ይርሳውም ሰላም በይልኝ ብለዋል፣ አሁን ገንፎ ብቻ ነው የሚበሉ፣ ቀልዳቸው ግን አልቀነሰም። አብራሽ ለምታድረው የወሎ ልጅ፣ ጉልበትሽን ለምታሽልሽ፣ እግሯን ስሜያታለሁ። እማየ ይኸን መጻፌን አታውቅም፣ ሰላም በይልኝም አላለችኝ፣ እሷን ራስሽ ሰላም በያት፣ ስትደውይላትም ልጅሽ አምለሰት እንዴት ናት ብለሽ ጠይቂያት፣ መልሷን ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማዋለሁ።

እህትሽ አምለሰት
ከጅጋ በላይ ካለው ቀያችን፣ ምዕራብ ጎጃም
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.