በስልክ የገባ እልልታ

ይድረስ ለልጄ፤ እጅሽ የነካው ሕፃን ሁሉ ድኖ ይደግ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አንገቴን ደፍቻለሁ።

በመጀመሪያ የሥራ ቀንሽ በቪዲዮ ያን ያህል ስደዋውል፣ ክፉ ነገር የደረሰ መስሎሽ ስልኩን አነሳሽው። እኛ ደግሞ ጎረቤቱ ተሰብስቦ እልልታውን አቀለጥነው! ጆሮውን የምታዪለት ሕፃን በርግጎ ሲጮኽ፣ እናቱ አቅፋው ስትወጣ በስልኩ አየሁ። ይባስ ብላ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ስልኩን ነጥቃኝ "ዶክተር፣ ወገቤን!" አለችሽ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጉራዬ ነው፤ ይቅር በይኝ። በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ያ ሕፃን ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ሲመችሽም ጋውንሽን ለብሰሽ ደውይልኝ፤ ብቻዬን ሆኜ፣ አፌን በእጄ ይዤ አይሻለሁ።

እናትሽ