የመጀመሪያው ጥጥ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ቅባቱን ትተሽ «ዕድሜ ነው» እያልሽ እንደምትተኚ አላጣውም። እኔ ደህና ነኝ። ታናሼም ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። በሰላም ያልኩት ለእሷ ነው።

ምጡ ጠንቶባት ነበር፤ ልጁ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ወጣ። አላለቀሰም። አዋላጇ ጀርባውን አሻሽታ፣ በጭምብል አየር ስትሰጠው ተነፈሰ፤ መልኩም ተመለሰ። ሐኪሙ ግን ልቡ አላረፈም። አየር አጥሮት ከነበረ አንጎሉ እንዳይጎዳ ቶሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተልኮ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ከዘገየ አይረዳውም። «ያለ ማስረጃ አይቀበሉንም፤ እስቲ የመጀመሪያ ሽንቱን እይልኝ» አለኝ።

አንቺ ለጎረቤት «ልጄ መድኃኒት ቀማሚ ናት» እያልሽ የምትደብቂው ሥራዬ ይኸው ነው፤ የጨቅላ ሽንት። አየር ያጠረው ልጅ ሽንቱ ውስጥ መጠኑ የሚጨምር ነገር አለ። ዳይፐሩ ውስጥ ጥጥ አድርገን፣ ሲርስ ጨምቀን እንለካዋለን። ጥጡን በእጄ አስቀመጥኩት። ታናሼ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ለነርሷ አደራ ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ ልጁ አዲስ ዳይፐር ታጥቆ፣ ተጠቅልሎ ተኝቷል። «እኛ ቤት ልጅ እርጥብ አይተኛም» አለችኝ ታናሼ ነቅታ፣ ኮራ ብላ። የማን ቃል እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቅርጫቱ ተደፍቷል። እስከ ቆሻሻ ማቃጠያው ሮጥኩ፤ አመድ ሆኗል።

እንዲህ ያለ ልጅ ሽንቱም አይቸኩልም። ሁለተኛው ሲመጣ የማቀዝቀዣው ጊዜ አልፏል። ለካሁት፤ መጠኑ በጣም ጨምሯል፤ አላምን ብዬ ደግሜ ለካሁት። ሐኪሙ ውጤቱን አየና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

አሁን ጠያቂዎች አልጋዋን ከበው «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ድምፁም አይሰማ!» ይላሉ። እሷም ደስ ይላታል። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ወንድማችንንም «ጨዋው» ያልነው በዚሁ ነበር እኮ።

እማዬ፣ ጨዋው በእግሩ ሳይሄድ፣ ሳይናገር እጅሽ ላይ አለፈ። አንቺም «ምነው ያን ጊዜ ከባድ ባላነሳሁ» እያልሽ ዛሬም ራስሽን ትበያለሽ። ይህን ልጅ ሳየው ገባኝ። እሱም አየር አጥሮት ነው፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ያኔ የሚለካለት ሰው አልነበረም እንጂ።

ሐኪሙ ነገ ለታናሼ ይነግራታል። ስለ መጀመሪያው ጥጥ ግን ትንፍሽ እንዳይል ለምኜዋለሁ። አንቺም አታንሺባት፤ ሆድ ይፍጀው። ራስን መብላት ምን እንደሆነ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስትመጪ ልጁን «ጨዋ» እንዳትይው። ደግሞ ጨዋውን ታጎርሺባት የነበረችው፣ ለአፉ እንድትመች አባባ አንገቷን ያጎበጠልሽ ማንኪያ፣ እሱ ከተቀበረ ወዲህ ከሣጥንሽ አልወጣችም አይደል? ይዘሻት ነይ።

ለዓይንሽ ያብቃኝ። ጉልበትሽን ያጽናልን፤ ያስፈልገናል።

ከጨዋው ቀጥለሽ የወለድሻት ልጅሽ