የሳሎናችን ወለል ሲጠቁር

ሰኞ፣ ጥር 4። ከሰዓት

ጉልበቴ አልቋል። የሳሎኑ ግማሽ ተፋቀ። አናጢው ኡመር መሃል መሃሉን በማሽን ይሄዳል፤ ማሽኑ የማይደርስበትን ጥጋጥግ እኔ በብርጭቆ ወረቀት። የስንት ዘመን ቀይ ሰም! ከሥሩ ዋንዛው ብቅ አለ፤ ፈዘዝ ያለ፣ ማር የመሰለ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለት፣ ያነጠፈው ጊዜ እንዲህ ነበር ማለት ነው። እኔ አልደረስኩበትም።

እንዲሁ ቫርኒሽ ብቻ ብንቀባው ደስ ባለኝ። ወንድሜ ሰዒድ ግን ጥቁር ቡናማ ይሁን ብሎ ቀለሙን ከደሴ ላከ። እናታችን፣ አዮ፣ እግሯን ልትታከም እሱ ዘንድ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ለረመዳን ትመለሳለች ኢንሻአላህ። እድሳቱም ለእሷ ነው። ጥቁሩን ወደደችው አለኝ። እሷ ከወደደችው ምን እላለሁ፣ ማስታወሻዬ?

ረቡዕ፣ ጥር 6። ማታ

ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ሳቁ። ለካ ሻሼ ላይ የእንጨት ብናኝ።

የመጀመሪያው ቀለም ተቀባ። ኡመር ቆም ብሎ አየውና እንዲህ ያለ እንጨት ማጥቆር ያሳዝናል አለ። እኔም ሆድ ባሰኝ። ከዚያ አዮ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ስትይዝ ታየኝ። ደስ አለኝ። ሰዒድ ጋ ደውዬ አመሰገንኩት። ቸኩሏል። መቼ ነው የሚያልቀው፣ ሌላ ወሬ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 9



ቫርኒሹን ልንጀምር ስንል በር ተንኳኳ። የማላውቃት ሴት። ከደሴ ነው የመጣሁት አለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። ጎንበስ ብላ ወለሉን ዳሰሰች።

"ማሻአላህ! ልክ እንዳልኩት። ሰዒድ ቃሉን ጠበቀ። አንቺ ተከራይዋ ነሽ?"

"እህቱ ነኝ። ምንድን ነው ያልሽው?"

ደነገጠች። ቤቱን ልትገዛ ነው። ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት። ሐሙስ ይፈራረማሉ። እህቱም እናቱም ተስማምተዋል ብሏታል። ኡመር ብሩሹን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ።

ቤቱ የሦስታችን ነው። አምና አዮን ሲወስዳት፣ በየቢሮው እንዳትንከራተቺ ብሎ የቤቱን ውክልና ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ወንድሜ አይደለ?

ስልክ አያነሳም። አዮ ጋ ደወልኩ። አዮ፣ ቤቱ ሊሸጥ ነው ወይ?

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺው አይደለሽ ያልሽው? ሐዋ ቤቱ ሰልችቷታል፣ ሸጠን እንገላገል ብላለች አለኝ ሰዒድ። አንቺን እንዳላስከፋ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ቤቴ ነው መሞት የምሻው።"

ለእኔ በእሷ ስም፣ ለእሷ በእኔ ስም። ያ ረቢ። አልቅሼም አልወጣልኝ።

እሑድ፣ ጥር 10

ሰዒድ ደወለ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ሴትዮዋን ለምን አስገባሽ ብሎ። ቀጥሎ ለሁላችንም አስቤ ነው አለ። ለምን አልነገርከኝም?

"እምቢ እንደምትይ አውቄ ነዋ።"

አውቆ! ወለሉስ? ካልታደሰ አልገዛም ብላው ነበር። ይኸው ነው። እኔ በጉልበቴ እየዳህኩ የአባቴን ቤት ለገበያ ሳሳምር ሰነበትኩ። ለአዮ እያልኩ። እየዘፈንኩ ደግሞ።

ይሄ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ሰዒድ ነው? ትኩሳት ሲይዘው ከጎኑ የማልለየው?

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ረፋድ

ኡመር በጠዋት መጣ። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ቫርኒሹ ይቅር፣ ወለሉ እንዲሁ ይቆይ አልኩት። አዮ መጥታ በዓይኗ አይታ ቀለሙን ትምረጥ። ይፋቅ ካለች ይፋቃል።

ከዚያ ውክልናውን የሰጠሁበት ቢሮ ሄጄ ውክልናዬን አነሳሁ። እንዲህ ቀላል ነው? ፈርሜ ስወጣ ግን ወንድሜን የቀበርኩ መሰለኝ። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ።

ለሴትዮዋ ደውዬ ነገርኳት። አልሰደበችኝም። እሷም ተታልላለች።

ሰዒድ ሰማ መሰለኝ ደጋግሞ ይደውላል። አላነሳም። ለአዮ ልብስሽን ሰብስቢ፣ ዛሬ ልወስድሽ እመጣለሁ አልኳት።  ቀስ ብላ፣ "ሰዒድስ?" አለች። ምን ልበላት? እሷ ለሁለታችንም እናት ናት።

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሊሞላ ነው፤ ረዳቱ ደሴ ደሴ እያለ ይጣራል። በሩን ሰዒድ ከከፈተልኝ ሰላም እንኳ የምለው አይመስለኝም። አዮን ግን ይዤ እመለሳለሁ። እሱ ቢከለክለኝ፣ ቢለምነኝ፣ እግሬ ላይ ቢወድቅ እንኳ ያለ እሷ አልመለስም።