ሙቀጫው አዲስ አበባ ገባ

ጥቅምት 6

አስራ አንደኛ ክፍል፣ ታሪክ። የዛሬው ርዕስ «ታላላቅ የአገር ተቋማት»። ቤተ መዘክር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቴአትር ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ… ሁሉም አዲስ አበባ። ነቀምት ደግሞ ቁጭ ብላ ትማራቸዋለች። ኢቢሴ የምትባል ተማሪዬ «ቲቸር ሩክያ፣ ከእኛ አገር የሄደ ዕቃ እዚያ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለነገ አንብበሽ ነይ አልኳት። አስተማሪ ሳያውቅ ሲቀር የሚለው ይህንኑ ነው።

ጥቅምት 11

ተገኘ። አዲስ አበባ የአብሮነት ቤተ መዘክር የሚባል ሊከፈት ነው። የተለያየ ሕዝብ አብሮ የኖረበትን ዕቃ ከየአገሩ ይሰበስባል። ስለ እማ ሙቀጫ ጻፍኩላቸው።

የእማ አልኩ እንጂ… የማን እንደሆነ እኔም አላውቅ። እማ ከወሎ በሰፈራ አንገር ጉቲን ስትመጣ በደረሳት ቦታ ላይ አንድ ዋንዛ ነበር። የጎረቤቷ የአዴ ድርቤ ባል፣ ሟቹ ጂሩ፣ ቆርጦ ጠረበው። ዛፉ የእማ፣ እጁ የእነ ድርቤ። ከዚያ ወዲህ ሙቀጫው አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ ያድራል። ባዶውን አይሄድም። ከተወቀጠው ጭብጥ ይቀርበታል፣ በርበሬም ይሁን ቡና። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው በሁለት ዘነዘና ይወቅጣሉ፣ አንዷ ስታነሳ አንዷ ስትጥል። አፋቸውም እንደዚያው፣ አንዷ በአማርኛ አንዷ በኦሮምኛ።

በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሰው ጎረቤቱን ሲፈራ፣ አንድ ሰሞን እማ ድርቤ ጓዳ አደረች፣ ሌላ ሰሞን ድርቤ እማ ጓዳ። ሙቀጫውም አብሮ ዞረ። ይህንንም ጻፍኩ። ስጽፈው አለቀስኩ።

ኅዳር 3

ከቤተ መዘክሩ ራጉኤል የሚባል ባለሙያ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ትሁት፣ ነጭ ጫማ ያደረገ። ጉቲን ስንደርስ ጫማው ነጭ አልነበረም።

ሙቀጫውን ዞሮ ዞሮ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ «ድንቅ ነው» አለ። ከዚያ በማን ስም ይመዝገብ ብሎ ጠየቀ። ለጋሽ አንድ ሰው ነው የሚሆነው፣ አሠራሩ እንዲያ ነው አለ።

እማ የድርቤ ነው አለች፣ ባሏ አይደል የጠረበው? አዴ ድርቤ ወደ እማ እየጠቆመች የሙና ነው አለች፣ ዛፉ የማን ሆነና? እማ አይሆንም አለች። ድርቤ «ወላሂ የሙና ነው» አለች። ወላሂ! ጴንጤዋ ድርቤ! አርባ ዓመት ጉርብትና እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ እማ አንድ ጊዜ ደግማ እምቢ ማለት ነበረባት። ወጉ እንደዚያ ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል። ግን ዶሮ ስጡ ላይ ወጣችና ልታባርር ተነሳች። ስትመለስ ራጉኤል «ሙና አሊ» ብሎ ጽፎ ጨርሷል።

ኅዳር 4

ሙቀጫው ተጫነ። እማ ጭብጥ በርበሬ አደረገችበት። ራጉኤል ይቅርታ ጠይቆ አራገፈው፣ ለቅርስ አጠባበቅ አይሆንም አለ። አዴ ድርቤ መሬት ላይ የፈሰሰውን በርበሬ አይታ ወደ ቤቷ ገባች።

ታኅሣሥ 12

ፎቶ ላኩልኝ። ሙቀጫው ነጭ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ መብራት ወርዶበታል። ሥሩ «ለጋሽ፦ ወ/ሮ ሙና አሊ» ይላል። እኔ ጎበዟ ለጉቲን ሰው ሁሉ በቴሌግራም አዳረስኩ። ልብ፣ ጭብጨባ፣ ማሻአላህ… ከድርቤ ልጅ ከተረፋ ብቻ ምንም አልመጣም።

ታኅሣሥ 20

ጉቲን ሄድኩ። አይነጋገሩም።

መጀመሪያ አዴ ድርቤ ጋ ገባሁ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ለወግ ነው ያልኩት» አለችኝ። «ሰው ለወግ ብሎ ያንቺ ነው ሲል፣ ይወሰዳል? የጂሩ እጅ የት ገባ?» አለቀሰች። ከሞተ ወዲህ ከእጁ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

እማ ደግሞ ሌላ ናት። ድርቤ ራሷ ናት በሰው ፊት ወላሂ ያለችው፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ትላለች። «ቅር ካላት ለምን ለእኔ አልነገረችኝም፣ ለምን ለሰው ሁሉ አወራች? ወንበዴ ቢመጣ የማንኳኳው የእሷን በር ነበር፣ ለአንድ ወረቀት ሌባ አደረገችኝ…»

ድርቤ ተረፋን አዲስ ሙቀጫ አስጠርባለች። እማ ከነቀምት የብረት አስገዝታለች። ሁለቱም ግቢ ብቻ ለብቻ ይወቀጣል። ጠመንጃ ያልለያያቸውን ሰዎች እኔና ቤተ መዘክሩ ለያየናቸው። ያውም በአብሮነት ስም።

ጥር 8

ራጉኤል ጋ ደወልኩ። የድርቤንና የጂሩን ስም ጨምሩበት አልኩት። ገባው፣ በጣም አዘነ። ግን ጽሑፍ የሚለውጠው ኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከምርቃቱ በኋላ ነው፣ ምርቃቱ መቼ እንደሆነ የሚወስነው ሌላ ኮሚቴ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ስልኩን ልዘጋ ስል፣ ለምርቃቱ ሁለቱንም እናቶች ጋብዘናል፣ ስለ አብሮነት እንዲናገሩልን አለኝ።

የካቲት 14

አዲስ አበባ ነን። ሁለቱም መጡ። አንዷ እምቢ ብትል ሌላዋ ብቻዋን ልትናገር ነዋ!

አውቶቡስ ላይ ጉልበቷን የሚያማት ድርቤ ከፊት፣ እማ ከኋላ፣ እኔ መሃል። እማ መስኮቱን ዝጊ በያት ትለኛለች፣ ድርቤ ሙቀት ነው በያት ትላለች። ግማሽ አገር የተሳፈረበት አውቶቡስ ሁለቱንም እየሰማ እኔ አመላልሳለሁ። ባኮ ላይ ሙዝ ገዙ። ሁለቱም ለእኔ እየሰጡ «ለዚያችም አካፍያት» አሉኝ። ሙዙን ያቀበልኩ መስዬ ሁሉንም በላሁት።

ከሰዓት ራጉኤል ከተማውን አስጎበኘን። ቤተ መጻሕፍቱን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ቴአትር ቤቱን። በየሕንፃው ፊት እማ «ማን ይኖርበታል?» ትላለች። ማንም። «ይህን ሁሉ ቤት ሠርተው ሰው አያድርበትም?» ድርቤ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ትዝ ሲላት ወደ ሳል ለወጠችው።

የካቲት 15

ምርቃት። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ካሜራው፣ ባለሥልጣኑ… ሙቀጫችን በገመድ ታጥሯል። አጠገቡ ያለው ዘነዘና አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው መጋዘን ነው አሉኝ፣ ለዕይታ አንድ ይበቃል።

አዴ ድርቤ ቀድማ ተነሳች። በኦሮምኛ ተናገረች፣ እኔ ተረጎምኩ። «ይህ ሙቀጫ የሙና ነው። ተጽፏል አይደል?» እማ ማይኩን ተቀበለች። «የለም፣ የድርቤ ነው። ትውሰደው።» ድርቤ ማይኩን መልሳ ያዘች፣ የሙና ነው። እማ፣ የድርቤ ነው። ዓይናቸው እሳት ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ! አዳራሹ ግን ተነስቶ አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እመቤት እንባቸውን ጠረጉ። ባለሥልጣኑ ለዚህች አገር የሚያስፈልጋት ይህ ነው አሉ።

ጋዜጠኛዋ የፍቅራችሁ ምስጢር ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም እኔን አዩኝ። ደክሟቸዋል ብዬ መለስኩ።

መጋቢት 9

እማ ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ እኔ ጋ ናት። ለዓይን ሕክምና ነው የመጣሁት ብላለች። ሐኪሙ ዓይኗ ደህና ነው አለ። ይሁን፣ ሌላ ሐኪም ያየኛል አለች። ጠዋት ሱቅ ላይ «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት አደርሽ ሲሏት ኦሮምኛዋ ይፈታል፣ ቤት ስትገባ ተመልሳ ዝም። ወደ እኔ እንድትመጣ ስንት ዓመት ለመንኳት… አሁን መጥታ ግድግዳ ታያለች።

ከቤተ መዘክሩ ትልቅ ፎቶ ተላከልን። ሁለቱም አንድ ማይክ ይዘዋል። አልጋ ሥር ከተትኩት።

መጋቢት 27

አዴ ድርቤ ደወለች። ሙና ትበላለች? ትተኛለች? ጠየቀች እንዳትያት አለችኝ። እማ ከጓዳ ማን ነው አለችኝ። ትምህርት ቤት ነው አልኳት። «የትምህርት ቤቱ ጉልበት ተሻለው?» አለች።

ሚያዝያ 10

ዛሬም ጠዋት ደወለች። መረረኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን እማ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተውኩትና ወጣሁ። ከበሩ ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ። ያስተማርኩት ሁሉ ቢያየኝ!

«ሩክያ… ሩክያ?»

የእማ ወንበር ወደ ጠረጴዛው ሲሳብ ሰማሁ።

«ሙና፣ አንቺ ነሽ እንዴ? አለሽ?»

«የለሁም» አለች እማ።

«እሺ። ስትመጣ ንገሪያት» አለች አዴ ድርቤ። «በርበሬው ደርቋል። ብቻዬን አልወቅጥም በያት።»

«እነግራታለሁ።»

ስገባ እማ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ እያወረደች ነበር። ዓይንሽስ አልኳት። ተሽሎኛል አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ከፋኝ። ነገ መናኸሪያ አደርሳታለሁ።