የሐጂ ሰይድ ዳማ እንደቆመ

መካነ ሰላም፣ ረቡዕ ጥር 14

ዛሬ ለሐጂ ሰይድ ዳማ ፈረስ እንደቆመ ቀዶ ጥገና ሠራሁለት። በካሜራ እየታየ የሚሠራ የእንስሳት ቀዶ ጥገና ሠልጥኜ ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱ ቆለጡ ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ስለነበር እየተናከሰና እየተራገጠ ሰው አላስቀርብ ብሎ ነበር።

በኛ አገር ፈረስ የሚኮላሸው ተጥሎ፣ ታስሮ ነው። ሐጂም የሚጥሉላቸውን አምስት ጎረቤቶች ገመድ አስይዘው አስከትለው መጡ። «ዛሬ አይወድቅም» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ማደንዘዣውን ወግቼ፣ ጎኑን ላጭቼ፣ ካሜራዋን ከጣት በማትሰፋ ቀዳዳ አስገባሁ። ቆለጡ ስክሪኑ ላይ ፍንትው ብሎ ሲታይ በሌሎች ሁለት ቀዳዳዎች መሣሪያ አስገብቼ አንዴም ሳልሳሳት ቆርጬ አወጣሁት። ይህን ለራሴ መመስከር አለብኝ። ዳማ ራሱን ደፍቶ ሲያንቀላፋ ሰዎቹ ገመዱን ታቅፈው ዱዓ ያደርጉ ነበር።

ስጨርስ ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ጎኑን ይፈልጉ ጀመር።

«የቱ ጋ ነው የቀደድሽው?»

ሦስቱን ትንንሽ ስፌቶች አሳየኋቸው። ኩራቴን የት ላድርገው!

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የወንድሜ ፈረስ ጊዜ ይህን አታውቂውም ነበር?» አሉኝ። አምና ለዚሁ ችግር አስተኝቼ፣ ሆዱን በሰፊው ከፍቼ የሞተብኝ ፈረስ ነው።

«አላውቀውም ነበር፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ አብሽሪ» አሉኝ። «ገመዱን ያዋሰኝ ወንድሜ ነው። ጥቅልሉ ሳይፈታ ስመልስለት ነገሩ ይገባዋል።»

ይገባው ይሆን?